ማሽን ፊደል ያስቆጠሩት ዶክተር ሮዘንብላት

ልጆቻችን ዛሬ የቤት ሥራቸውን የሚጠይቁት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትናንት የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ከአባቶቹ አንዱ ግን ከሞቱ 50 ዓመት ያለፋቸው አይሁዳዊ ምሁር ዶክተር ፍራንክ ሮዘንብላት ናቸው።

ሮዘንብላት ጁላይ 11 ቀን 1928 በኒውዮርክ ግዛት ኒው ሮሼል ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ኮምፒዩተር ሳይሆን ሥነ ልቦና ነው፤ በ1956 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በዓመቱ ፐርሴፕትሮን የተባለውን የአንጎል ነርቮችን የሚመስል ሐሳብ አቀረቡ።

በኋላ የተሠራው ማሽን 400 ብርሃን ተቀባዮች ነበሩት። ፊደል ያሳዩታል፤ ሲሳሳት ሞተሮች የውስጥ ቁልፎቹን በጥቂቱ ያዞራሉ፤ ሲያውቅ አይነካም። የኔታ በአለንጋ ፊደል እያስቆጠሩ እንደሚያርሙት ማለት ነው፤ ያለ አለንጋው።

በጁላይ 1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራውን ለጋዜጠኞች አሳየ። ጋዜጦች ማሽኑ ነገ ይራመዳል፣ ይናገራል ብለው ጻፉ። ይህ ውዳሴ የጠቀማቸው አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለንደን አጠገብ በቴዲንግተን ስለ ማሽን አስተሳሰብ በተደረገው ጉባኤ ጥናታቸውን አቀረቡ። በኒውዮርክ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩት ማርቪን ሚንስኪም እዚያ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየጉባኤው ተከራከሩ። በ1969 ሚንስኪና ሲሞር ፓፐርት ባለ አንድ ድርብ ፐርሴፕትሮን የማይችላቸውን ነገሮች በሒሳብ አስረድተው መጽሐፍ አወጡ። ለዘርፉ የሚሰጠው ገንዘብም ቀነሰ።

ሮዘንብላት መልሳቸውን ሳይሰጡ ቀሩ። አሽዶድ ማሪና ወርደን ቅዳሜ ማታ የምናያቸውን የመሰለች ባለ ሸራ ጀልባ ይወዱ ነበር፤ ጁላይ 11 ቀን 1971፣ 43 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ በቼዛፒክ ባሕረ ሰላጤ በጀልባ አደጋ ሞቱ።

በ1986 ባለ ብዙ ድርቡን መረብ ማስተማር የሚያስችል ስሌት በሰፊው ታወቀ። በ1987 በዴንቨር የነርቭ መረብ ተመራማሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ጀመሩ፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ይሰበሰቡበታል። አፍሪካውያን ምሁራን ግን ቪዛ እየተከለከሉ ከእንዲህ ያለው ጉባኤ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ሌላው ትልቅ ጉባኤ በኤፕሪል 2020 አዲስ አበባ እንዲደረግ ተወሰነ። ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆነ፤ ጉባኤው አፍሪካን የረገጠው በ2023 በኪጋሊ ነው።