ኢማም አል-ገዛሊ፦ ኒያቸውን ፍለጋ ባግዳድን የለቀቁት ዓሊም

በ488 ዓመተ ሂጅራ (1095 እ.ኤ.አ.) ረጀብ ወር ላይ ባግዳድ ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። በከተማዋ ታላቅ መድረሳ የሚያስተምሩ፣ 300 ያህል ደረሳዎች ከአፋቸው የሚወጣውን የሚጠባበቁላቸው ዓሊም መናገር አቃታቸው። ለማስተማር ይቀመጣሉ፤ ምላሳቸው ግን አልታዘዝ ይላል። ውሎ አድሮ ምግብም ከጉሮሯቸው አልወርድ አለ። ሐኪሞች መርምረው፣ ሕመሙ ከልብ ወደ አካል የወረደ ነውና ጭንቀቱ ካልለቀቃቸው መድኃኒት አይሠራም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

እኚህ ዓሊም ኢማም አቡ ሓሚድ ሙሐመድ ኢብን ሙሐመድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ነበሩ። ስማቸውን ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ሕይወታቸውን የምናነሳው ለአንድ ጥያቄ መልስ ስለምንፈልግበት ነው፤ ሰው ግዴታውን በሚገባ እየተወጣ፣ መልካም ሥራም እየሠራ፣ እንዴት ከሳሪ ሊሆን ይችላል?

የሱፍ ፈታዩ ልጅ

ኢማሙ በ450 ዓ.ሂ. (1058 እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ኢራን ሰሜን ምሥራቅ፣ በኹራሳን ምድር ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ ፈትለው እየሸጡ የሚኖሩ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። እርሳቸው ባይማሩም ከዑለማዎች መቀማመጫ አይጠፉም ነበር፤ አላህ ዓሊም የሆነ ልጅ እንዲሰጣቸውም ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሞት ሲቀርባቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሷሊሕ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። የተተወላቸው ትንሽ ገንዘብ ሲያልቅ አደራ ተቀባዩ ልጆቹን ምግብና ማደሪያ ወደሚሰጥ መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው። ኢማሙ በኋላ ይህን ሲያስታውሱ፣ ዒልምን የፈለጉት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዒልሙ ግን ከአላህ ውጭ ለሌላ መሆንን እምቢ እንዳለ ይናገሩ ነበር።

በጡስ ጀምረው ወደ ጁርጃን ሄዱ። ከዚያ ሲመለሱ ሽፍቶች ንብረታቸውን ከነማስታወሻ ደብተራቸው እንደዘረፏቸው ይተረካል። ደብተሩን እንዲመልሱላቸው ሲማጸኑ የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው፤ ወረቀት ሲወሰድበት ባዶ የሚቀር ሰው ምን ዓይነት ዓሊም ነው የሚል ነበር የሳቁ ትርጉም። ደብተሩ ተመለሰላቸው። እርሳቸው ግን ንግግሩን አላህ በሽፍታ አንደበት የላከላቸው ምክር አድርገው ወስደው፣ ሦስት ዓመት ተቀምጠው የጻፉትን ሁሉ በቃላቸው ያዙ።

ቀጥሎ ወደ ኒሻፑር አቅንተው ከታላቁ ኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ፊቅህን፣ ኡሱልን፣ ዒልመል ከላምንና መንጢቅን ተማሩ። ሸይኻቸው በ478 ዓ.ሂ. ሲሞቱ የሰልጁቆቹ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ዘንድ ቀረቡ። ወዚሩም በ484 ዓ.ሂ. (1091 እ.ኤ.አ.) በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ አድርጎ ሾማቸው። ዕድሜያቸው ገና 34 ዓመት አካባቢ ነበር።

ከዝና መሸሽ

በባግዳድ ያልነበራቸው ነገር አልነበረም። ፈትዋቸው ይሰማል፤ ባለሥልጣናት ያከብሯቸዋል፤ በሙናዞራ የሚረታቸው የለም። የፈላስፎችን ትምህርት ራሳቸው አጥንተው መልስ የጻፉበት ተሓፉቱል ፈላሲፋ የተዘጋጀውም በእነዚህ ዓመታት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። የማስተምረው ለምንድን ነው? ብለው ልባቸውን ሲጠይቁ፣ ያገኙት መልስ ለአላህ ብቻ ነው የሚል አልነበረም። ክብርና ስም መፈለግን አገኙበት። ስድስት ወር ያህል በሁለት ሐሳብ ሲናጡ ቆዩ። ማለዳ ለመውጣት ይቆርጣሉ፤ ምሽት ላይ ነፍሳቸው ትመልሳቸዋለች። በመጨረሻም ምላሳቸው ተቆለፈ። አቅም ያጣ ሰው ወደ አላህ እንደሚሸሸው ሸሹ፤ አላህም ክብሩን፣ ገንዘቡንና ወገኑን መተው አገራላቸው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኢማሙ ሲወጡ ቤተሰባቸውን ሜዳ ላይ በትነው አልሄዱም። ለልጆቻቸው ቀለብ የሚበቃውን አስቀምጠው ሌላውን ሀብታቸውን አከፋፈሉ። ነፍስን ማጥራት የቤተሰብን ሐቅ ለመርሳት ምክንያት እንደማይሆን በተግባር አሳዩ።

በዙልቃዕዳ 488 ባግዳድን ለቀው ወደ ሻም ሄዱ። በደማስቆ የኡመዊ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በር ዘግተው ይውሉ ነበር። በበይተል መቅዲስም ወደ ቁበቱ ሶኽራ እየገቡ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አል-ኸሊል ላይ በነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) ቀብር አጠገብ ሦስት ነገር ለራሳቸው ቃል ገቡ፦ ከሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድ፣ ላለመከራከር። ከዚያም ሐጅ አደረጉ።

የሰው ክብር በኢሕያእ ውስጥ

ታላቁ ሥራቸው ኢሕያኡ ዑሉሚዲን የዚህ የስደት ዘመን ፍሬ ነው። በአራት ሩብ የተከፈለ 40 ኪታብ ነው። በውስጡ መልካም ጠባይን (ኹሉቅን) ሲያብራሩ፣ አንድ ጊዜ የተሠራ በጎ ሥራ ጠባይ አይባልም፤ ጠባይ ማለት በነፍስ ውስጥ ሥር ሰዶ ሥራው ያለ ማመንታትና ያለ ጭንቅ የሚፈልቅበት ሁኔታ ነው ይላሉ። መሠረቶቹም አራት ናቸው፤ ጥበብ፣ ጀግንነት፣ ራስን መግታትና ፍትሕ። ጀግንነት በፍርሃትና በድፍረት መካከል፣ ለጋስነትም በስስትና በብክነት መካከል ይቆማሉ። ጠባይ አይቀየርም ለሚሉት ደግሞ፣ ፈረስና ጭልፊት እንኳን ይገራሉ፤ ሰው እንዴት አይገራም? የሚል ነው መልሳቸው። የእጅ ጽሑፉ እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ እንደሚጽፍ፣ ለጋስ መሆን የፈለገም እስኪለምደው ድረስ እየታገለ ይስጥ ይላሉ።

ከሁሉ በላይ እኛን የሚነካን ግን ስለ ዘካና ሶደቃ ያሰፈሩት ነው። ለእርሳቸው ባለውለታው ሰጪው አይደለም፤ ተቀባዩ ነው። ድሃው የአላህን ሐቅ ከሰጪው እጅ ተቀብሎ ሰጪውን ከስስት ያጠራዋልና። ስለዚህ ሰጪው ውለታ እንደዋለ ከተሰማው፣ ምስጋና ከጠበቀ፣ ተቀባዩንም ዝቅ አድርጎ ካየ ሥራው ተበላሽቶበታል። ሌሎችን ለማነሳሳት በይፋ መስጠት እንደሚቻል ኢማሙ አልካዱም። ነገር ግን ከይዩልኝ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ፣ ችግሩ እንዳይታወቅበት የሚፈልግ ድሃም ሽሽጉ መገለጥ እንደሌለበት አስጠነቀቁ።

ይህን ስናነብ የረመዷን አስቤዛ ስናከፋፍል የምናደርገውን እናስታውሳለን። የዘይት ጀሪካን የያዘች እናት ፊቷን ወደ ካሜራ እንድታዞር ስትጠየቅ አይተናል። ፎቶውን የምናወጣው እኛ የዜና ሰዎችም ነን። ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ አለባቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን በወረቀት ማሳየት ሲቻል የእናቲቱን ፊት ማሳየት ለምን አስፈለገ?

ሕፃናትን በተመለከተም ኢማሙ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያዛሉ። የልጅ ልብ በወላጅ እጅ ያለ ንጹሕ ዕንቁ፣ አደራም ነው። ጥሩ ሲሠራ በሰው ፊት ይመስገን፤ አንድ ጊዜ ሲያጠፋ ይታለፍ፤ ከደገመ በድብቅ ይገሠጽ እንጂ አይጋለጥ። ለኩራት ያዘዙት መድኃኒትም የሚገርም ነው። ትንሽ ልጅ ስታይ ይህ እንደኔ አላህን አላመፀም በል፤ ትልቅ ሰው ስታይ ከኔ በፊት አላህን ተገዝቷል በል። ሙስሊም ያልሆነውን እንኳን ስታይ፣ መጨረሻው ከኔ ያምር እንደሆነ አላውቅም ብለህ ራስህን ዝቅ አድርግ ይላሉ።

ሙስሊምን ከእስልምና ማስወጣትንም (ተክፊርን) በተመለከተ ፈይሶሉ ተፍሪቃ የሚባል ኪታብ ጽፈው፣ ሸሃዳን እየመሰከረ የማይጻረረውን ሰው በተክፊር ከመንካት አንደበታችንን እንድንሰበስብ መከሩ። እርሳቸው በሦስት ጉዳዮች ፈላስፎቹን ከእስልምና ያስወጡ መሆናቸውን አንዘነጋም፤ በሩን ግን ለሁሉም ሰው ክፍት አላደረጉትም።

ትችትና ፍጻሜ

ኢማሙ ከስሕተት የጸዱ ሰው አልነበሩም። በኢሕያእ ውስጥ ደካማና መሠረት የሌላቸው ሐዲሶች በመኖራቸው ኢብኑል ጀውዚና ሌሎች ዑለማዎች ተችተዋቸዋል። ኋላም ሓፊዝ አል-ዒራቂ ሐዲሶቹን አንድ በአንድ መርምረው ደረጃቸውን ለይተዋል። ኪታቡ በ503 ዓ.ሂ. (1109 እ.ኤ.አ.) አካባቢ በአንዳሉስ፣ ቁርጡባ ከተማ ተቃጥሎ ነበር። ይሁንና ዛሬም ድረስ ይነበባል።

በ499 ዓ.ሂ.፣ ባግዳድን ከለቀቁ ከ11 ዓመት በኋላ፣ የኒዛሙል ሙልክ ልጅ ፈኽሩል ሙልክ ባቀረበላቸው ጥያቄ ወደ ኒሻፑር ኒዛሚያ ተመልሰው አስተማሩ። በውጭ ሲያዩት ያው ሥራ ነው። እርሳቸው ግን ልዩነቱን ገለጹት፤ ድሮ የሚያስተምሩት ክብር የሚገኝበትን ዒልም ነበር፤ አሁን ክብር የሚተውበትን ነው። ግዴታው አንድ ሆኖ ኒያው ተለወጠ። ለጥያቄያችን መልሱም እዚህ ላይ ይመስለናል።

የመጨረሻ ጊዜያቸውን በትውልድ ከተማቸው ጡስ፣ በቤታቸው አጠገብ ባሠሩት መድረሳ ተማሪዎችን እያስተማሩ፣ የቡኻሪንና የሙስሊምን ሐዲሶች እያጠኑ አሳለፉ። ወንድማቸው አሕመድ እንዳስተላለፉት፣ ጁማደል ኣኺራ 14 ቀን 505 (ታኅሣሥ 1111 እ.ኤ.አ.) ሰኞ ማለዳ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ከዚያ ከፈናቸውን አስመጥተው ሳሙት፤ በዓይናቸው ላይም አኖሩት። ወደ ቂብላ ዞረው ተጋደሙ፤ በዚያው አረፉ።

አላህ ይዘንላቸው። የኛንም ኒያ ያስተካክልልን፣ የወንድምና እህቶቻችንን ክብር ከምላሳችንም ከካሜራችንም ይጠብቅልን። አሚን።