ሃሪየት ጄኮብስ፣ የአሌክሳንድሪያዋ አስተማሪ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ ማንበብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ስልሳ ለሞላቸው አንዲት እናት የሕፃናት መጽሐፍ ሰጠኋቸው፤ ስለ ድመትና ስለ ኳስ። ምንም አላሉኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቀሩ። የሃሪየት ጄኮብስን ታሪክ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው።

ሃሪየት በ1813 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና፣ ኢደንተን በምትባል ከተማ በባርነት ተወለደች። ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷ ሞተች። ማንበብና መስፋት ያስተማረቻት እመቤቷ ናት። ደግ ሴት ነበረች እንዳንል፣ ይህችው እመቤት ስትሞት ሃሪየትን ነፃ አላወጣቻትም፤ ለእህቷ ልጅ፣ ለሦስት ዓመት ሕፃን አወረሰቻት። የሕፃኗ አባት ጄምስ ኖርኮም ሐኪም ነበር። ሃሪየትን ከልጅነቷ ጀምሮ ለገላዋ ሲል ያሳደዳትም እሱ ነው። ነርሲንግ ለምማር ለእኔ ይህን ማንበብ ከበደኝ።

በዚያ ዘመን ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። እኛ ብንሆን ጋሽ ፍሬድ የምንላቸው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ባሪያ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ማንበብ ፈለጉ። ሃሪየት ቅጣቱ ግርፋት መሆኑን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ወደኋላ አላሉም። ሰው የማይደርስበት ጥግ ፈልጋ ፊደል አስቆጠረቻቸው። በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ኪዳንን አንብበው ጨረሱ። እኔ በስድስት ወር ስንት ገጽ እንዳስነበብኩ ባልናገር ይሻላል።

በ1835 ከኖርኮም አምልጣ በዚያው ከተማ አያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ተደበቀች። ቦታዋ ርዝመቱ 9፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው ቢበዛ 3 ጫማ ነበር፤ ቀና ብሎ መቆም የለም። ወደ 7 ዓመት ገደማ እዚያ ኖረች። ልጆቿ ከታች ሲጫወቱ በቀዳዳ ታያቸው ነበር፤ እነሱ አያዩዋትም። ለኖርኮም ደብዳቤ ትጽፍና ከሰሜን በፖስታ እንዲደርሰው ታደርግ ነበር። እሱም ሩቅ ያለች መሰለው። የተማረችው ፊደል እንዲህ ደበቃት።

በ1842 በመርከብ ወደ ሰሜን አመለጠች። ኒው ዮርክ ውስጥ ሞግዚት ሆና ሠራች፤ በ1852 አሠሪዋ በ300 ዶላር ነፃነቷን ገዛችላት። ሌሊት ሌሊት የጻፈችው የሕይወት ታሪኳ በ1861 በብዕር ስም ታተመ። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ምሁራን የነጭ ሴት ልብ ወለድ ነው ይሉ ነበር፤ የእሷ መሆኑን ጂን ፌገን የሊን የተባለች ተመራማሪ በ1980ዎቹ አረጋገጠች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በ495 ዞራችሁ የፖቶማክን ድልድይ ከተሻገራችሁ አሌክሳንድሪያ ናችሁ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ከተማዋን የሰሜኑ ጦር ስለያዛት ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በብዛት ይጎርፉባት ነበር። ረሃብ ነበር፣ ፈንጣጣም ነበር። ሃሪየት በ1863 እዚያ ገብታ ልብስ አደለች፣ የታመሙትን ተንከባከበች። ነፃ የወጡት ሰዎች ራሳቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ሲያልቅ ግን ከሰሜን የመጡ ነጮች እኛ እናስተዳድረው አሉ። ሃሪየት ውሳኔውን ለባለቤቶቹ ተወችው። እነሱም የእሷን ልጅ ሉዊዛንና ሌላ ጥቁር አስተማሪ መረጡ። በጥር 1864 በ75 ተማሪዎች ተከፈተ፤ በመጋቢት 225 ደረሱ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት አያትና የልጅ ልጅ አብረው ፊደል መቁጠራቸው በደቡቡ ሁሉ የታወቀ ነው።

ሃሪየት በመጨረሻ ዘመኗ ዋሽንግተን ኖራ መጋቢት 7 ቀን 1897 እዚሁ ዐረፈች፤ መቃብሯ ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ነው።

ለቀሩት እናት ደወልኩላቸውና ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያውኑ መጠየቅ ነበረብኝ። ከሆስፒታል የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ነው አሉ፤ ልጃቸው እያነበበ ግማሹን ብቻ የሚነግራቸው ይመስላቸዋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታውን ሳይከፍቱ ይዘው ይመጣሉ።