የመጽሐፍ ጠራዡ የፋራዴይ ታሪክ

በእንግሊዝ አገር፥ በሎንዶን ከተማ አጠገብ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1791 ዓ. ም. ማይክል ፋራዴይ የሚባል ልጅ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ነገር ግን ሕመምተኛ ስለ ሆነ ሙሉ ቀን ሠርቶ የሚውልበት ጊዜ ጥቂት ነበረ። በ1801 ዓ. ም. እህል እጅግ በተወደደ ጊዜ ለማይክል በሳምንት አንድ ዳቦ ይሰጠው ነበር፤ ያንኑም አንድ ዳቦ ለሰባት ቀን ማብቃቃት ነበረበት። በትምህርት ቤትም የተማረው ማንበብና መጻፍ ጥቂትም ሒሳብ ብቻ ነው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው መጻሕፍት ከሚሸጥና ከሚጠርዝ ሪቦ ከሚባል ሰው ሱቅ ገባ። በመጀመሪያ ሥራው ጋዜጣ ተሸክሞ በየደጁ ማድረስ ነበረ። ሪቦም የልጁን ትጋት አይቶ በ1805 ዓ. ም. ክፍያ ሳይጠይቅ መጽሐፍ መጠረዝን ሊያስተምረው ተቀበለው። የውሉም ዘመን ሰባት ዓመት ነበረ።

እነዚያ ሰባት ዓመታት ለማይክል መልካም ዓመታት ነበሩ። ሪቦ ደግ ሰው ነበረና ቀን የሚጠረዙትን መጻሕፍት ልጁ በዕረፍት ጊዜው እንዲያነብ ፈቀደለት። ከዕለታት አንድ ቀን ሊጠርዘው በተሰጠው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ነገር አገኘ፤ ኋላም ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችውን አነበበ። ያነበበውንም እንዲሁ አልተቀበለም፤ ጥቂት ሳንቲም ባገኘ ጊዜ ዕቃ እየገዛ ነገሩ እውነት መሆኑን በእጁ ይሞክር ነበር። በማታም ስለ ፍጥረት ጥበብ የሚሰጠውን ትምህርት ለመስማት ይሄድ ነበር። የመግቢያውን አንድ ሺሊንግ የሚሰጠው እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። በዚያም ቤንጃሚን አቦት ከሚባል ወጣት ጋር ወዳጅ ሆነ።

በ1812 ዓ. ም. ከሪቦ ደንበኞች አንዱ፥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደሚባለው የጥበብ ቤት የሚያስገባ ወረቀት ለማይክል ሰጠው። በዚያም ሃምፍሪ ዴቪ የሚባለው የታወቀ ሊቅ ሲያስተምር አራት ጊዜ ሰማ። የሰማውን ሁሉ በወረቀት ጻፈ፤ ከቤቱም ሲገባ እንደ ገና በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦ፥ የዕቃዎቹንም ሥዕል ጨምሮ፥ በገዛ እጁ ጠርዞ መጽሐፍ አደረገው።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የሰባቱ ዓመት ውል ተፈጸመ። ማይክልም የሃያ አንድ ዓመት ሰው ነበረና ከሪቦ ቤት ወጥቶ ከሌላ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በደመወዝ ገባ። ሙያውን ጨርሶ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። አዲሱ ጌታ ቍጡ ሰው ነበረ፤ ለማንበብና ለመሞከርም ጊዜ አልተገኘም። የለመደው ቤት፥ የለመደው ደግ ፊት፥ የለመደውም የማታ ዕውቀት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራቀው። አባቱ በ1810 ዓ. ም. ሞቶ ነበርና እናቱን ለመርዳት ደመወዙ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሥራውን በአንድ ቀን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ከተማሪነት ወደ ሠራተኛነት የሚያሻግረው ድልድይ ለብዙ ወጣቶች እንዲህ ጠባብ ነው፤ ሰውነት እየሠራ ልብ የሚታመመው በዚያ ጊዜ ነው።

ማይክል ግን ኀዘኑን በሆዱ ቀብሮ አልተቀመጠም። ቀድሞ ያነበበው አንድ መጽሐፍ፥ ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ከወዳጅ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ብሎ ይመክር ነበር፤ እሱም ከዚያ ዓመት በጋ ጀምሮ ከአቦት ጋር ይጻጻፍ ነበር። አሁንም የአሮጌውን ሙያ ሥራ መጥላቱን፥ ትምህርቱም ወደ ኋላ እንዳይቀር መፍራቱን ለወዳጁ ገልጦ ጻፈለት። አቦት ሌላ ሥራ ሊሰጠው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የሚሰማ ሰው ነበረ። የሚሰማ ወዳጅ ያለው ሰው ሸክሙ ባይወርድለትም ትከሻው ይበረታል። ከዚህም ጋር አዲሱ ጌታ ልጅ ስላልነበረው ማይክል ከእሱ ዘንድ ቢቀር ሱቁን ሊያወርሰው ተስፋ ሰጠው። ለድሃ ልጅ ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ማይክል ግን ልቡ ወዴት እንዳለ ያውቅ ነበርና በዚህ አልተታለለም።

ቀድሞ በአገሩ ላሉት የጥበብ ሰዎች ማኅበር አለቃ ደብዳቤ ጽፎ ሥራ ለምኖ ነበር፤ ደጅ ጠንቶም መልስ የለም ተባለ። እንደ ገና ደፍሮ በዲሴምበር ወር ለዴቪ ጻፈ፤ ያንን የጠረዘውንም መጽሐፍ ላከለት። ዴቪም በገና ዋዜማ መልካም መልስ ጻፈለት። በጃንዋሪ 1813 ዓ. ም. ሲገናኙ ግን ክፍት ቦታ አልነበረምና ዴቪ የመጠረዙን ሙያ እንዳይተው መከረው። ማይክልም ተመልሶ መጠረዙን ቀጠለ። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በጥበብ ቤቱ የነበረው ረዳት ጠብ አንሥቶ ተባረረ፤ ዴቪም ማይክልን አስጠራው። በማርች 1 ቀን ሥራው ተሰጠው፤ ደመወዙ በሳምንት ሃያ አምስት ሺሊንግ፥ ከላይኛውም ፎቅ ሁለት ክፍል፥ ከሰልና ሻማም ጭምር ነበረ።

የፈለገውን ሥራ አገኘ፤ ድካሙ ግን አላለቀም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ሲሠሩ እሱም ዴቪም ቈሰሉ፤ የማይክልም ጥፍር ተቦጨቀ። በኦክቶበር 1813 ዓ. ም. ደግሞ ዴቪ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣሊያ ሲሄድ ይዞት ሄደ። አሽከሩ አልሄድም ስላለ፥ ሌላ እስኪገኝ ድረስ ማይክል የአሽከሩን ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተለመነ። ሌላ አሽከር ግን ሳይገኝ ቀረ። የዴቪም ሚስት ትዕቢተኛ ነበረችና እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ አሽከር ቈጠረችው። ማይክል ከዚህ የተነሣ ሁሉን ትቶ ወደ አገሩ ሊመለስ እጅግ አሰበ፤ ይህንንም ከአቦት አልሸሸገም፤ ለእናቱም አዘውትሮ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻ ግን የሚያገኘውን ዕውቀት ከሚደርስበት ንቀት ጋር መዝኖ ለመታገሥ ቈረጠ። በፍሎረንስ ከተማ በትልቅ መስተዋት በተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት አልማዝ ሲቃጠል አየ፤ ወደ ቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ወጣ፤ ፈረንሳይኛና ኢጣሊያንኛም ተማረ። በኤፕሪል 1815 ዓ. ም. በደኅና ተመለሰ።

ከተመለሰም በኋላ ብቻውን አልኖረም። በማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ በላይኛው ፎቅ ክፍሉ ያነቡ ነበር፤ አንዱም የሌላውን ንግግርና ጽሕፈት ያርም ነበር። በ1821 ዓ. ም. ሣራ ባርናርድ የምትባለውን ሴት አገባ። በ1831 ዓ. ም. ማግኔት በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አገኘ። ዛሬ የወንዝ ውኃ በግድብ ውስጥ መንኰራኵር እያዞረ ለከተማ መብራት የሚሰጠው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በአዋሽ ላይ ያለው የቆቃ ግድብም እንዲሁ ነው።

ነገር ግን ይህ ብልህ ሰው በአንድ ነገር አልተጠነቀቀም፤ ይኸውም በዕረፍት ነው። ብዙ ዓመት ያለ ልክ ሲሠራ ከቈየ በኋላ በ1839 ዓ. ም. መጨረሻ ራሱን ያዞረው ጀመር፤ ማስታወስም ተሳነው። ሐኪሙም ሥራውን እንዲተው አዘዘው። ለሥራ የተፈጠረ ለሚመስል ሰው ይህ ከመራራ መድኀኒት ይልቅ ይመራል፤ ሆኖም ፋራዴይ ታዘዘ። በ1841 ዓ. ም. ከሚስቱና ከሚስቱ ወንድም ጋር ወደ ስዊስ አገር ሄዶ በተራሮች ላይ በእግሩ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሰባ ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ሄደ፤ እግሩ ደኅና ነበረ፥ የደከመው ራሱ ነበረ። በኢንተርላከን መንደር ሰዎች ሚስማር ሲቀጠቅጡ አይቶ ቆመ፤ የብረት ቀጥቃጭ ቤት እንደሚወድ፥ አባቱም ብረት ቀጥቃጭ እንደ ነበረ በማስታወሻው ጻፈ። ስሙ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀው ሊቅ በመዶሻው ድምፅ ደስ አለው።

ወደ ቀድሞው ብርታቱ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1845 ዓ. ም. ማግኔት ብርሃንን የሚነካው መሆኑን አገኘ፤ ይህም ከትልልቆቹ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የማስታወስ ችሎታው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ የሠራውንም ሁሉ ቍጥር እየሰጠ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ሲደክመውም ከሣራ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ያርፍ ነበር። የጥበብ ሰዎች ማኅበር አለቃ እንዲሆን ሁለት ጊዜ ቢለመን እንቢ አለ፤ በገና ሰሞን ግን ለልጆች ማስተማርን ብዙ ዓመት አልተወም።

ፋራዴይ በኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ. ም. በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዐረፈ። ያ በሃያ አንድ ዓመቱ ጠርዞ ለዴቪ የላከው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይገኛል።