ቢሊ ሆሊዴይ፦ የትኛው ቀደመ?



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ቡናው በረካ ደርሶ እንኳ ያልተቋጨ ክርክር ነበረን። ከሴተኛ አዳሪነት ለመውጣት የምትፈልግ፣ ነገር ግን አረቄውን ወይም ጫቱን ገና ያልተወች እህት ወደ ቁጠባ ቡድን ትግባ ወይስ መጀመሪያ ሱሷን ትተው? ግማሾቻችን ብድሩ በአንድ ሳምንት ይጠጣል ብለን ፈራን። ግማሾቻችን ደግሞ ሥራው ውስጥ እያለች እንዴት ብላ ትተዋለች አልን። ከመካከላችን በዚያ ሕይወት ያለፍን አለንና እንዴት እንደሚዞር እናውቃለን። ሳይጠጡ ከማያውቁት ወንድ ጋር መተኛት አይቻልም። የማታውን ለመርሳት ቀን ጫት ይቃማል፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፣ የዚያን ሁሉ ዕዳ ለመክፈል ደግሞ ሌላ ደንበኛ። በአንዳንድ ቡና ቤትማ ደንበኛው ብዙ እንዲያዝ አብሮ መጠጣት ራሱ የሥራው ክፍል ነው።

ክርክሩን በራሳችን ሰው ላይ ብናደርገው እንዳንጎዳዳ ስለፈራን፣ ለዚህ እትም ከሩቅ አገር የአንዲት ሴት ታሪክ መረጥን። ስሟን በሬዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ቢሊ ሆሊዴይ በ1915 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የልጅነት ስሟ ኤሊኖራ ነበር። እናቷም አባቷም ገና ወጣቶች ነበሩ። አባቷ ሙዚቀኛ ነበረና አላሳደጋትም፤ እናቷም እንጀራ ፍለጋ ስትሄድ ልጅቷ ባልቲሞር ዘመድ ጋር ትቀር ነበር። ትምህርት ቤት ስለቀረች በዘጠኝ ዓመቷ ፍርድ ቤት ቀርባ የካቶሊክ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የልጃገረዶች ማረሚያ ተላከች፤ ዘጠኝ ወር ያህል ቆየች። ከወጣች በኋላ፣ በ1926 የገና ዋዜማ፣ አንድ ጎረቤት ደፈራት። ዕድሜዋ 11 ነበር። ሰውየው ተያዘ፤ ልጅቷ ግን ምስክር ናት ተብላ ወደዚያው ማረሚያ ተመለሰች። የተደፈረችውን ልጅ መልሶ መዝጋት! ይህን ስናነብ ለጊዜው ዝም አልን።

ከዚያ በኋላ በሰፈሯ ለነበረ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ስትላላክና ደረጃ ስታጥብ የሉዊ አርምስትሮንግንና የቤሲ ስሚዝን ሸክላ እዚያ ሰማች። በ1929 ከእናቷ ጋር ኒው ዮርክ ሃርለም ገቡ። የተከራዩበት ቤት ባለቤት የምታስተዳድረው ይህንኑ ንግድ ነበር፤ እናት ሠራች፣ ልጅም ሠራች። 14 ዓመት በሞላት በወሩ፣ በግንቦት 2፣ ፖሊስ ቤቱን ወረረ። እናትና ልጅ ሁለቱም ታሰሩ፤ ልጅቷ የተፈታችው በጥቅምት ነው።

እስከዚህ ድረስ በታሪኩ ውስጥ ሔሮይን የለም። ሱስ ሴትን ወደ ጎዳና ያወጣል ሲባል እንሰማለን፤ በቢሊ ሕይወት ግን ድህነቱ፣ መደፈሩና ገላ መሸጡ ቀድመው መጡ። ዕፁ የደረሰው ከዓመታት በኋላ፣ ከዚያ ንግድ ወጥታ ስሟ ሲገን ነው።

ከእስር ስትወጣ በሃርለም የሌሊት ቤቶች ለጉርሻ መዝፈን ጀመረች። በ1933 የመጀመሪያ ሸክላዋ ተቀረጸ። በ1939 ነጮች ጥቁሮችን በዛፍ ላይ ስለሚሰቅሉበት ግፍ የሚናገረውን ዘፈን ዘፍና አገሩን አናወጠች። ስለ ድምፅዋ ብዙ ተጽፏልና እናልፈዋለን።

በ1941 ያገባችው ሰው ኦፒየም የሚያጨስ ነበር፤ እሷም ጀመረች። ቀጥሎ አብራው የኖረችው መለከት ነፊ ሔሮይን ተጠቃሚ ነበር። ብዙ ገንዘብ ታገኝ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በዕፅና በዙሪያዋ ባሉ ወንዶች እጅ ያልቅ ነበር። ገላዋን መሸጥ ብታቆምም ከሥራዋ የሚበላ ወንድ አልጠፋም። ይህን ያነበበች አንዲት አባላችን ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

በ1947 ዕፅ ይዛ ተገኘች ተብላ ተከሰሰች። ጥፋቷን አምና ወደ ሕክምና እንድትላክ ጠየቀች፤ የተፈረደባት ግን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሴቶች ወህኒ ወረደች። በመጋቢት 1948 ወጥታ በ11ኛው ቀን በታላቁ የካርኔጊ አዳራሽ ዘፈነች፤ ሕዝቡ ሞላ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ለመሥራት ከፖሊስ የሚሰጥ ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ እሷ ያን ካርድ ተነጠቀች። በትልቁ አዳራሽ መዝፈን ተፈቀደላት፣ የየቀን እንጀራዋ ያለበት ቤት ግን ተዘጋባት። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ከተማ መንከራተት ሆነ። በመሃል ትታው የነበረውን ዕፅ ተመለሰችበት፤ መጠጡም በረታ፣ ጉበቷም ተጎዳ።

ግንቦት 31 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ሆስፒታል ገባች። እዚያም አልጋዋ አጠገብ ዕፅ ተገኘ ተብሎ በተኛችበት ታሰረች፤ በክፍሏ በር ፖሊስ ቆመ። ሐምሌ 17 ቀን በ44 ዓመቷ አረፈች። በባንክ የነበራት ሰባ ሳንቲም ሲሆን በሰውነቷ ላይ ደግሞ 750 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተገኘ።

ብሩን የት እንደምትደብቅ የማታውቅ፣ ከአልጋዋ ሥር ወይም ከመቀነቷ ውስጥ ያልቋጠረች ከመካከላችን ማን አለች? ቁጠባ ቡድኑን የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነበር። የመጀመሪያዎቹ 12 መሥራቾች ስንሰበሰብ ሱስሽን ትተሻል ወይ ብሎ የጠየቀን አልነበረም፤ ቢጠየቅ ኖሮ ከመካከላችን ስንቶቻችን እንደምንገባ መዝገቡን ያዥዋ ታውቃለች። ያኔ የወሰድነውን ብድር አንዳንዶቻችን ጠጥተነዋል፤ ይህም እውነት ነው። የመለስነው በሁለት ዓመት ነው።

የደንቡ ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። ከደጋፊዎቻችን መገኘት የምትፈልጉ በሩ ክፍት ነው፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን አባላት ብቻ ናቸው።