ማኅተም የሌለው አማካሪ



በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ቼክ ላይ የምትፈርመው ሌላ ናት፤ ውሳኔ የሚያሳልፈው ጉባኤው ነው። የእኛ ድርሻ ቁጥሩን አቅርበን እንዲህ ቢሆን ይሻላል ማለት ነው። ምክራችን አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴም አይሰማም። ባልተሰማ ጊዜ ምን እናድርግ? እናኩርፍ? ዝም እንበል? ወይስ ሥራችንን ትተን እንሂድ?

ይህን ጥያቄ ይዘን በዚህ ዕትም የአንድ ሰው ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች በእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስቴር ያገለገለው ጆን ሜይናርድ ኬንስ ነው። ምጣኔ ሀብት የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው ስለ መጻሕፍቱ ሳይሆን ስለ አማካሪነቱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬንስ በ1883 በካምብሪጅ ከተማ ተወለደ። አባቱ የዩኒቨርሲቲው መምህርና አስተዳዳሪ ነበሩ። እናቱ ፍሎረንስ አዳ ደግሞ ለሴቶች ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ኮሌጆች በአንዱ፣ በኒውናም የተማሩ፣ ችግረኞችን በመርዳት ሥራ ብዙ የደከሙና በ1932 የካምብሪጅ ከንቲባ ለመሆን የበቁ ሴት ናቸው። የሕዝብ ጉዳይ በዚያ ቤት የማዕድ ወሬ ነበር ብንል አንሳሳትም።

በ1906 የመንግሥት ሠራተኞች መግቢያ ፈተና ወስዶ ሁለተኛ ወጣ። የሚገርመው፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘባቸው ትምህርቶች አንዱ ምጣኔ ሀብት ነበር። በገንዘብ ሚኒስቴር የነበረውን ቦታ አንደኛ የወጣው ስለወሰደው ኬንስ የሕንድን ጉዳይ በሚመራው መሥሪያ ቤት ተመደበ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ኮርማዎችን በመርከብ ወደ ቦምቤይ ማስላክ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶ ለቀቀና ወደ ማስተማር ተመለሰ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በ1915 ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተጠራ። ሥራው ከውጭ ለሚገዛው እህልና መሣሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማስላት ነበር። በ1917 የውጭ ፋይናንስን ክፍል መምራት ጀመረ። ጦርነቱ ሲያበቃም በ1919 በፓሪስ በተደረገው የሰላም ጉባኤ የሚኒስቴሩ ዋና ተወካይ ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተናው የመጣው እዚያ ነው። አሸናፊዎቹ አገሮች ጀርመን የጦርነቱን ካሣ ትክፈል አሉ። ለእንግሊዝ መንግሥት ምክር ያቀረበ አንድ ኮሚቴ እስከ 24 ቢሊዮን ፓውንድ ማስከፈል ይቻላል ብሎ ነበር። ኬንስ አስልቶ ጀርመን በእውነት ልትከፍል የምትችለው ወደ 2 ቢሊዮን ገደማ ነው አለ። አንድ አገር የውጭ ዕዳውን የሚከፍለው ለሌሎች ሸጦ ከሚያተርፈው ነው። ውሉ ግን የጀርመንን መርከቦች፣ የድንጋይ ከሰል ያለበትን መሬትና የውጭ ንብረቷን ይወስድባታል። እንጀራ እየሸጠች ብድሯን የምትመልስ እህታችንን ምጣዷን ወስደን ዕዳሽን በወቅቱ ክፈይ እንደማለት ነው።

አልሰሙትም። መሪዎቹ ጠላትን እናስከፍላለን ብለው ለሕዝባቸው ቃል ገብተው ነበርና ትንሹን ቁጥር ይዘው ወደ አገራቸው መመለስ አልፈለጉም። ኬንስ በሰኔ 1919 ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ክረምት ስለ ሰላሙ ምጣኔ ሀብታዊ ውጤት መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በታኅሣሥ ወጥቶ በብዙ አገር ተነበበ። ቁጥሮቹን ከማስቀመጡም ሌላ መሪዎቹን በስም እየጠራ አሾፈባቸው። ይህን ብዙዎች ተቀየሙት። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ በሚኒስቴሩ ውስጥ ቢሮ አልነበረውም። ምክሩ ትክክል ሆኖ አነጋገሩ በሩን ሊያጠብበው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው በ1925 ነው። እንግሊዝ ፓውንዷን ከጦርነቱ በፊት በነበረው የወርቅ ዋጋ፣ በ4.86 ዶላር ምንዛሪ ልትመልሰው ተነሳች። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ከመወሰናቸው በፊት ሰዎችን እራት ጠርተው የሁለቱንም ወገን ክርክር አዳመጡ፤ ከተጠሩት አንዱ ኬንስ ነበር። ፓውንዱ አሥር በመቶ ያህል ይወደዳል፣ የውጭ ገዢ ዕቃችንን ይተዋል፣ ያኔ አሠሪዎች የሠራተኛውን ደመወዝ ይቆርጣሉ ብሎ ተከራከረ። ሚኒስትሩ ሰሙት፤ የወሰኑት ግን በተቃራኒው ነው።

እንደተባለውም ሆነ። የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ደመወዝ እንቀንሳለን አሉ። በ1926 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። አድማው በዘጠኝ ቀን ቢያበቃም የማዕድን ሠራተኞቹ ለወራት ከሥራ ውጪ ቆይተው በመጨረሻ በዝቅተኛ ደመወዝ ተመለሱ። እንግሊዝም በ1931 ያንን የወርቅ ምንዛሪ ትታ ወጣች።

ምከረው ምከረው፣ አልሰማም ካለ መከራ ይምከረው የሚል አባባል አለን። የኬንስን ታሪክ ስናነብ ግን ይህ አባባል አንድ ነገር እንደሚጎድለው ተሰማን። መከራው የመጣው ምክሩን ባልሰሙት ላይ አይደለም። ሚኒስትሮቹ ደመወዛቸው አልተቆረጠም። የተራቡት የማዕድን ሠራተኛው ሚስትና ልጆቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እራቱ ላይ አልተጠሩም። ስለዚህ መካሪ ተናግሬ ነበር ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይበቃውም።

ኬንስም አልተቀመጠም። ጻፈ፣ አስተማረ፣ ተከራከረ። ሥራ አጥነት ሲበዛ መንግሥት ወጪውን ከመቀነስ ይልቅ ሥራ ለመፍጠር ገንዘብ ማውጣት እንዳለበት የሚያስረዳውን ታላቅ መጽሐፉን በ1936 አወጣ። በዓመቱ ግን ልቡ ታመመ። ያዳነችው ባለቤቱ ሊዲያ ሎፖኮቫ ናት ማለት ይቻላል። በሩሲያ የተወለደች ስመ ጥር የባሌት ዳንሰኛ ስትሆን በ1925 ነበር የተጋቡት። የዕረፍት ሰዓቱን እየጠበቀች፣ እንግዳ እየመለሰች፣ በኋላም ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ አብራው እየሄደች አስታመመችው። የአንድ ሰው ሥራ ሲነገር ይህን የመሰለው ድካም ብዙ ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተነሳ ኬንስ የጦርነቱ ወጪ እንዴት ይሸፈን የሚል ትንሽ መጽሐፍ በ1940 አሳተመ። በጦርነት ጊዜ ሰው ሁሉ ሥራ ያገኛል፣ በእጁም ገንዘብ ይገባል። ገበያ ላይ የሚገዛው ዕቃ ግን ያንሳል፤ ብዙው ወደ ጦር ሜዳ ሄዷልና። ዝም ከተባለ ዋጋ ይወጣል፣ ወጪውንም የሚሸከመው ድሃው ይሆናል። ኬንስ ያመጣው መፍትሔ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የግዴታ ቁጠባ ነው። ከደመወዝ ከፊሉ በስሙ ተይዞ ይቀመጥና ከጦርነቱ በኋላ ይመለስለት አለ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እንዳይጎዱም ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሽልንግ የቤተሰብ ድጎማ ይሰጥ ሲል ጨመረ።

አንዳንድ ጋዜጦችና የሠራተኛ ማኅበራት ተቃወሙት። በዚህ ጊዜ ግን ኬንስ ከ1919ኙ የተለየ ሰው ነበር። ተቃዋሚዎቹን እየዞረ አነጋገራቸው፣ ያሉትንም እየሰማ ሐሳቡን አሻሻለ። በዚያው ዓመት በገንዘብ ሚኒስቴር ክፍል ተሰጠው። ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚያዝዘው መምሪያም አልነበረውም። የፈለገውን ሰነድ ያነብ፣ በፈለገው ጉዳይ ላይ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የ1941 በጀት የእሱን አስተሳሰብ ተከተለ። ጄምስ ሚድና ሪቻርድ ስቶን የተባሉ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች የአገሪቱን ጠቅላላ ገቢና ወጪ በአንድ መዝገብ ላይ አስልተው ያቀረቡትም ያን ጊዜ ነው። ዛሬ አገሮች ሁሉ በየዓመቱ የሚያወጡት የብሔራዊ ገቢ ሒሳብ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የመነጨ ነው።

የግዴታ ቁጠባው ግን በከፊል ብቻ ነበር ተቀባይነት ያገኘው። እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ስህተት ሳንጠቅስ አናልፍም። ኬንስ ገንዘቡ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይመለስ አለ እንጂ ቀን አልቆረጠም። መንግሥትም አልቆረጠም። የተፈራው ሥራ አጥነት ሳይመጣ ቀረ። በ1946 ለአረጋውያን መመለስ ቢጀመርም የቀሪው ሕዝብ ገንዘብ እየተንከባለለ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። እስከዚያ የኑሮ ውድነት በልቶታል፤ ሳይቀበሉ የሞቱም ብዙ ናቸው። የመመለሻ ቀኑ ያልተጻፈ ቁጠባ እንዲህ ያደርጋል።

የቤተሰብ ድጎማው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለሴቶች ልዩ ነው። ወይዘሪት ኤሊኖር ራትቦን የተባሉ የፓርላማ አባል ከኬንስ መጽሐፍ ብዙ ዓመታት ቀድመው ለዚህ ጉዳይ ሲታገሉ ነበር። ሕጉ በ1945 ሲረቀቅ ገንዘቡ ለአባት እንዲከፈል ይል ነበር። እሳቸው አጥብቀው ተከራከሩና ለእናት እንዲሰጥ ተደረገ። የመጀመሪያው ክፍያ በነሐሴ 1946 ሲከፈል ግን ራትቦን በጥር፣ ኬንስ ደግሞ በሚያዝያ አርፈው ነበር። እናቶቹ ገንዘቡን ሲቀበሉ ሁለቱም አላዩም።

ከዚያ በፊት ኬንስ የተሳተፈበት አንድ ጉዳይ አገራችንንም ይነካል። በሐምሌ 1944 በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ በተባለ ቦታ 44 አገሮች ተሰብስበው የዓለም የገንዘብ ድርጅትንና የዓለም ባንክን መሠረቱ። ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመት የሆናት ኢትዮጵያም በብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን የተመራ ልዑክ ልካ ነበር። በዚያ ጉባኤ እንግሊዝን የወከለው ኬንስ ነው። እሱ ያቀደው ተበዳሪ አገር ብቻ ሳይሆን ትርፍ የሚያከማች አገርም ሚዛኑን ለማስተካከል የሚገደድበትን ሥርዓት ነበር። ገንዘቡ ያለው በአሜሪካ እጅ ስለነበር የአሜሪካኖቹ ዕቅድ አሸነፈ። ኬንስ የተገኘውን ተቀብሎ የባንኩን ውል የሚያረቀውን ክፍል በሊቀ መንበርነት መራ።

በ1945 መጨረሻ፣ ልቡ ክፉኛ ደክሞ ሳለ፣ ለአገሩ ገንዘብ ሊጠይቅ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ስጦታ እናገኛለን ብሎ ሚኒስትሮቹን ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር፤ ይህ የእሱ የስሌት ስህተት ነው። ከወራት ድርድር በኋላ የተገኘው በ2 በመቶ ወለድ የ3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሆነ፤ የመጨረሻው ክፍያ የተጠናቀቀው በ2006 ነው። በፓሪስ እንዳደረገው ጥሎ አልወጣም። ተመልሶ በፓርላማው የመኳንንት ምክር ቤት ፊት ቆሞ፣ ውሉ የተመኘው እንዳልሆነ ሳይደብቅ፣ እንዲጸድቅ አስረዳ። አለዚያ የሚራበው ሕዝብ መሆኑን ያውቅ ነበርና። በሚያዝያ 21 ቀን 1946፣ በፋሲካ ዕለት፣ በ62 ዓመቱ በገጠር ቤቱ አረፈ። እናቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ለማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲወሰድ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በጉባኤያችን ተቀባይነት ያላገኘ ምክርም ከነቁጥሩና ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የ1919ኙና የ1925ቱ ምክሮች በኋላ ሰው ሊማርባቸው የቻለው በጽሑፍ ስለቆዩ ነው። ማን ልክ ነበር ለመባባል አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ጥያቄ ሲመጣ ከዜሮ እንዳንጀምር ነው። ሁለተኛ፣ የአባላትን ገንዘብ ለማቆየት በወሰንን ቁጥር የመመለሻው ቀን በዚያው ውሳኔ ላይ ይጻፍ።

በስብሰባው ላይ ያልተገኘች አባልም አለች። ጉሊት ውላ፣ ልጅ አስታማ፣ ለቅሶ ሄዳ ይሆናል። የምንመክረውም የምንወስነውም እሷ ላይ የሚደርሰውን አስልተን ይሁን።