ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ከመርጡለ ማርያም እስከ ሮማና ኢየሩሳሌም

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ የጎጃም ልጅ፣ መነኩሴ፣ የግእዝ ሊቅና ሰማዕት የሆኑት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ስለ ሰማዕትነታቸው በበዓላቸው ቀን ሲነገር እንሰማለን። ስለ ረጅም መንገዳቸውና ከመንገዱ ስላገኙት የድርሰት ፍሬ ግን እምብዛም አይነገርም። ስለዚህ ዛሬ ይህንን ልናስታውስ ወደድን።

አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለች መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ የቀረችላቸው አንዲት ዓይን ግን ከመጽሐፍ አልተለየችም። በመርጡለ ማርያም ገዳም ተምረው መነኮሱ።

ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ እስከ ሊበን ገጠር ድረስ ያለ ሰው የቆሎ ተማሪን ኑሮ ያውቃል። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የዕለት እንጀራውን በየደጁ እየለመነ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይሄዳል። ቅኔውንም የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ በጫካና በመስክ ነው። ለዋሸራና ለጎንጅ ሊቃውንት መንገድና ድርሰት ተለያይተው አያውቁም። አባ ገብረ ሚካኤልም ያደጉት እንዲህ ባለ ምድር ነው።

እርሳቸው በመንገድ የፈለጉት ግን የቃል ውበት ብቻ አልነበረም። የምንኩስና ሕይወት ከቀድሞ ክብሩ ስለ ምን እንደ ደከመ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ የብራና መጻሕፍትን መረመሩ። ጎንደርም ደርሰው ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሩ። ዘመኑ ቅባት፣ ጸጋና ካራ እየተባለ ስለ ጌታችን ባሕርይ ሕዝቡ የተከፋፈለበት ነበር። ላነሡት ጥያቄ የሚያረካ መልስ ባጡ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ቈረጡ፤ ምናልባት የሩቁ መንገድ የቅርቡን ጥያቄ ይፈታል ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና።

በዚያን ጊዜ የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ይልኩ ነበር። የመልእክተኞቹ መሪ በ1839 ወደ አገራችን የገባው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል በ1841 መጀመሪያ ከእነዚህ ጋር ከዓድዋ ተነሡ። በየብስ እስከ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም በመርከብ ተጉዘው ካይሮ ደረሱ፤ ከካይሮም ወደ ሮማ ተሻገሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ሲመለሱ በኢየሩሳሌም ቅዱሳት ቦታዎችን ተሳለሙ።

ከቤተ መንግሥታቱና ከታላላቅ አብያተ ክርስቲያናቱ ይልቅ ልባቸውን የነካው ግን አብሯቸው የሚጓዘው ሰው ነበር። ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ያንን የውጭ አገር ካህን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። እርሱ ግን ክፉ ቃልን በትዕግሥት እያለፈ አገለገላቸው። በክርክር ያልተፈታው የሊቁ ልብ በወራት የመንገድ ጓደኝነት ቀስ በቀስ ተፈታ። አባ ገብረ ሚካኤል ከተመለሱ በኋላ እንደ ገና በጥንቃቄ መርምረው በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ይህ ውሳኔ በሊቃውንት ዘንድ የነበራቸውን ክብር እንደሚያሳጣቸው አልተሰወረባቸውም።

የመንገዱ ፍሬ በብዕራቸው የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከቅዱስ ዩስጢኖስ ጋር ሆነው ለአገሩ ሰው በሚገባ ቋንቋ ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ። በአጋሜ በጓላ ለተከፈተው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የሥነ ምግባር ትምህርተ መለኮትን ተረጐሙ፤ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አሰናዱ። የሩቅ አገር ትምህርት በጎጃም ሊቅ አፍ ሲነገር ባዕድነቱ ቀረ። በ1851 ቅዱስ ዩስጢኖስ ቅስና ሾማቸው።

የመጨረሻው ጉዞ ከሁሉ የከበደ ነበር። በ1854 በአቡነ ሰላማ ትእዛዝ በጎንደር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ታሰሩ። እምነታቸውን እንዲክዱ ብዙ ተሠቃዩ፤ ነገር ግን አልካዱም። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ በእንግሊዝ ቆንስል ምልጃ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያም በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሠራዊቱን ተከትለው ከሰፈር ወደ ሰፈር ተጓዙ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ በ64 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው፣ ድካምና በሽታ ጸንቶባቸው በመንገድ ላይ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ፤ የመንገድ ጓደኛቸው ዩስጢኖስም በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

ከዚህ ታሪክ ለካቴኪስቶቻችን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። ከመንደር ወደ መንደር በጭቃና በፀሐይ የምንሄደው መንገድ ከትምህርቱ በፊት የሚያልፍ ባዶ ጊዜ ሊመስለን ይችላል። ለብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ያነበቡት የተብላላው፣ የጠየቁት የተመለሰው፣ የጻፉትም የተፀነሰው በመንገድ ነው። አብሮን የሚሄደውም ሰው ከምንናገረው ቃል ይልቅ አካሄዳችንን ያነባል። እንግዲህ እርምጃችን ሁሉ ፍኖተ ሰላም እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን፤ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።