ተፈጥሮን በቁጥር ያስመሰከረው ሃልዴን

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያቀረበው መዝገብ ማስረጃው የበዛ፣ ምስክሩ የተትረፈረፈ ነበር። ለሕግ ሰው ዓይን ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ካሳ ጠይቆ የካሳውን መጠን ያልጻፈ ከሳሽ ይመስላል። ተፈጥሮ የተሻለውን ትመርጣለች ይበል እንጂ ምን ያህል ትመርጣለች? በስንት ዓመት? የሚለውን ለመመለስ ሒሳቡ በእጁ አልነበረም። ያንን ሒሳብ ከሠሩት ሦስት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸርና አሜሪካዊው ሴዋል ራይት ይገኙበታል። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ሦስተኛው፣ ስለ ጆን ሃልዴን ነው፤ ሕይወቱ ከሁለቱም ይልቅ ለሕግ ሰው ብዙ ጉዳይ ይዟልና። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃልዴን በ1892 ኦክስፎርድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የማዕድን ጉድጓድ ጋዞችን የሚመረምር ዕውቅ ሳይንቲስት ስለነበር ልጁን ገና በልጅነቱ ወደ ጉድጓድ ያወርደው፣ ጋዙንም በራሱ ሳንባ ያስሞክረው ነበር። ልጁ ግን ኦክስፎርድ ገብቶ ሒሳብን፣ ቀጥሎም የጥንት ግሪክና ላቲን ትምህርትን አጥንቶ ወጣ። ስመ ጥር የሥነ ሕይወት ሊቅ የሆነው ሰው በሳይንስ ዲግሪ አልነበረውም። የእኛ አገር የቅጥር ኮሚቴ ቢሆን ማመልከቻውን የሚያነብለት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁለት ጊዜ ቆስሎ ከተመለሰ በኋላ በ1923 ካምብሪጅ ገባ። በማግስቱ ዓመትም የተፈጥሮን ምርጫ በሒሳብ የሚያስረዱ ተከታታይ ጽሑፎችን ማውጣት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መቶ ሰው ባለበት መንደር እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ስለሚወርስ የአንድ ዓይነት ዘረ መል ሁለት መቶ ቅጂ አለ። ከሁለት መቶው ውስጥ የተለየው ዓይነት ሁለት ቢሆን ድርሻው አንድ በመቶ ነው። ይህ ድርሻ ከትውልድ ትውልድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ዝግመተ ለውጥ የምንለው ያ ነው። የተለየውን ዓይነት የያዘ በእያንዳንዱ ትውልድ ከሌላው የአንድ በመቶ ብልጫ ብቻ ቢኖረው፣ በቀላሉ ስሌት ድርሻው ከመቶ 1 ተነስቶ ከመቶ 99 ለመድረስ 920 ትውልድ ገደማ ይበቃዋል። ለሰው ዕድሜ ረጅም፣ ለምድር ዕድሜ ግን የዓይን ጥቅሻ ነው።

ምሳሌ አድርጎ የወሰደው አንዲት የእሳት እራት ነው። በማንቸስተር አካባቢ ጥቁሩ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1848 ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የፋብሪካ ጭስ ዛፉን ሲያጠቁረው ፈዛዛው በወፎች እየተለቀመ፣ ጥቁሩ ከሞላ ጎደል ብቻውን ቀረ። ሃልዴን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠና፣ ይህ እንዲሆን ጥቁሩ ከፈዛዛው ሃምሳ በመቶ ያህል የሚበልጥ ዘር ማትረፍ አለበት ብሎ ደመደመ። በጊዜው ይህን ያህል ብልጫ የሚያምን አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ጫካ ገብተው የሞከሩት ግን ወፎቹ በእርግጥም የሚታየውን ዓይነት አብዝተው እንደሚበሉ አረጋገጡ።

በዚያው በካምብሪጅ ሌላ ችሎት ጠበቀው። ሻርሎት በርግስ የተባለች ባለትዳር ጋዜጠኛ ወደደ። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ለመፋታት ዝሙት መረጋገጥ ነበረበትና ሁለቱ ማስረጃውን ራሳቸው አመቻቹለት። ፍቺው ተፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው ግን በብልግና ከሥራ አሰናበተው። ያሰናበተው ጉባኤ ሴክስ ቪሪ ይባላል፤ በላቲን ስድስት ሰዎች ማለት ነው፤ በስሙ ብዙ ተሳቀበት። ሃልዴን ይግባኝ አለና በ1926 አሸነፈ። የመምህር የግል ሕይወት ለአሠሪው ምን አገባው ለሚለው ክርክር ይህ መዝገብ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ይመስለኛል።

ለእኛ የሚቀርበው ሥራው የ1949ኙ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ታላሴሚያ የሚባል የደም በሽታ ይበዛል። ከአባትም ከእናትም የወረሰው ልጅ በጽኑ ይታመማል፤ ታዲያ ገዳዩ ዘረ መል ስለምን አልጠፋም? ሃልዴን፣ አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰው ወባን ሳይቋቋም አይቀርም አለ። በ1954 አንቶኒ አሊሰን በምሥራቅ አፍሪካ ተመሳሳዩን ስለ ሲክል ሴል አሳየ።

ሒሳቡ ለወባው ተሕዋስም ይሠራል። አገራችን ክሎሮኪንን በ1998፣ የተካውን ፋንሲዳርን ደግሞ በ2004 ትታ ወደ ኳርተም የተሻገረችው መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተሕዋስ ድርሻ ስላደገ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ በሦስት ክልሎች ከተመረመሩት የፋልሲፓረም ናሙናዎች ከመቶ 8 ያህሉ የኳርተም ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የዘረ መል ለውጥ እንዳላቸው አሳይቷል። ስምንት ከመቶ ትንሽ የሚመስለው ከላይ ያለውን ስሌት ያላነበበ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር የሚያውቅ ሰው በአንድ ጉዳይ ቁጥሩን ተወው። ሃልዴን ኮሚኒስት ነበር፤ በፓርቲው ጋዜጣም ከ300 በላይ ጽሑፎች ጽፏል። በ1928 ወደ ሶቪየት ኅብረት የጋበዘው ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1927 ኢትዮጵያን በበቅሎ ዞሮ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበው፣ ራስ ተፈሪም ያነጋገሩት ሰው ነው። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ። በማግስቱ ዓመት ችሎት ለማለት በሚያስቸግር ሥነ ሥርዓት ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥለትም በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተዳክሞ ሞተ። በ1948 የሊሴንኮ ወገን አሸንፎ የዘረ መል ትምህርት በሶቪየት ሲወገዝ፣ ፊሸርና ሌሎቹ በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርበው በግልጽ ኮነኑ። ሃልዴን በዚያው መድረክ ተቀምጦ ተለሳለሰ። ሊሴንኮ ከተናገረው ጥቂቱ እውነት ሊኖረው ይችላል የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ። ከጉዳዩ ጋር ዝምድና ያለው ዳኛ ከችሎት ይነሳል። እሱ አልተነሳም። ከፓርቲው የራቀው በ1950 ገደማ ነው፤ ያውም በጸጥታ። አድናቂዎቹ የዘመኑን መንፈስ ያነሱለታል፤ ለእኔ ግን ቅጣት ማቅለያ እንጂ መከላከያ አይሆንም። ለሁለት ፍቅረኛሞች መብት ካምብሪጅን ይግባኝ ያለ ሰው፣ ለታሰረ ወዳጁ ድምፁን አላሰማም።

በ1957 የእንግሊዝን የስዌዝ ወረራ በመቃወም አገሩን ለቆ ካልካታ ወደሚገኘው የሕንድ ስታቲስቲክስ ተቋም ሄደ። የሕንድ ዜግነት ወሰደ፣ የሕንዶቹን ልብስ ለበሰ፣ ሥጋ መብላትም ተወ። ከተቋሙ አለቆች ጋርም፣ እንደ ልማዱ፣ ተጣልቶ ወጣ። በታኅሣሥ 1 ቀን 1964 ቡባነሽዋር ውስጥ በካንሰር ሞተ። አስከሬኑ፣ በኑዛዜው መሠረት፣ ተማሪዎች እንዲማሩበት ካኪናዳ ለሚገኝ የሕክምና ኮሌጅ ተሰጠ።